ሊኑክስ ለምንጠቀም ሰዎች፦ ላፕቶፕና ፕሪንተር ከመግዛታችን በፊት የአምራቹን ድጋፍ እንዴት እናረጋግጥ?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳለችው የጥገና ክፍሌ የሚመጡ ሰዎች ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ «ቫይረስ አጥፋልኝ» ይሉኝ የነበሩ ደንበኞች አሁን «ይህ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለ፤ ልጣለው ወይ?» ይሉኛል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ የምናያቸው የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፖች ምንም ሳይጎድላቸው ከመስመር ወጥተዋል። እኔም «አይጣሉት፤ በዊንዶውስ ፋንታ ነጻ የሆነው ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ይጫንበት» እላለሁ።

ሆኖም ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን ዋይፋዩ መሥራቱን፣ ፕሪንተሩም ማተሙን በአብዛኛው የሚወስነው የዕቃው አምራች ነው። አምራቹ ለቺፑ ድራይቨር (ስርዓተ ክወናው ዕቃውን የሚያነጋግርበት ፕሮግራም) ጽፎ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና አካል) ውስጥ ካስገባ ወይም የቺፑን ሰነድ ለሌሎች ከሰጠ ዕቃው እንደተሰካ ይሠራል። የተዘጋ፣ ማለትም ሌላ ሰው አይቶ ሊያስተካክለው የማይችል ድራይቨር ብቻ ከሰጠ ዕቃው የሚሠራው አምራቹ ያንን ድራይቨር እስካደሰው ጊዜ ድረስ ነው። ምንም ካልሰጠ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የቺፑን አሠራር በሙከራ ፈልፍለው እስኪያወጡት መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ይህም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ማወቅ ያለብን ዕቃው ከእነዚህ ከሦስቱ የቱ ላይ እንደሆነ ነው።

ይህን የምጽፈው በጎረቤቴ የደረሰውን ስላየሁ ነው። ኮዬ ፈጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት በቁጠባ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው መርካቶ ሄዱና፣ ካርቶኑ ላይ «ሊኑክስ» የሚል ቃል የታተመበት አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ገዝተው መጡ። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን በሲዲው ላይ ያለው ድራይቨር ለ32 ቢት ማሽን፣ ያውም ከዓመታት በፊት ለወጣ የሊኑክስ ሥሪት ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ሻጩ አልመልስም አለ፤ የአምራቹ የድጋፍ ክፍልም «ዊንዶውስ ላይ ይሞክሩት» ብሎ መለሰላቸው። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሱቃቸውን ዘግተው ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ከከፈሉ በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነውና ጥያቄውን ወደፊት እናምጣው።

ቺፑን በቁጥሩ ማወቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የላፕቶፑን ስም ብቻ ይዞ ሲፈልግ ነው። አንድ ዓይነት የሞዴል ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች በውስጣቸው የተለያየ ኩባንያ የሠራው የዋይፋይ ካርድ ሊኖራቸው ይችላል፤ አምራቾች በምርት መካከል አቅራቢ ይለውጣሉና። እርግጠኛ የሚያደርገን የቺፑ መለያ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች አምራቹን፣ ቀጣዮቹ አራት ምልክቶች ዕቃውን ያመለክታሉ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ክፍል 8086 ከሆነ ቺፑ የኢንቴል ነው፤ 1002 ከሆነ የኤኤምዲ ግራፊክስ ነው።

በሱቅ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ የተጫነበት ስለሆነ ቁጥሩን ከዚያው ማንበብ ይቻላል። «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ፤ የዋይፋይ ካርዱን መርጠው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ዲቴይልስ»፣ ከዚያም ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ሲመርጡ «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ የአምራቹ፣ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ የዕቃው ቁጥር ይታያል። በዩኤስቢ ለሚሰካ ዕቃ እነዚሁ ቁጥሮች «ቪአይዲ» እና «ፒአይዲ» ከሚሉት ቀጥለው ይመጣሉ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱትና ቁጥሩን «ሊኑክስ» ከሚለው ቃል ጋር በኢንተርኔት ይፈልጉ። ሊኑክስ አስቀድሞ ካለ ደግሞ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍተው ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን አምስት የላቲን ፊደላት በትንንሹ ይጻፉ፤ ለዩኤስቢ ዕቃዎች ኤል፣ ኤስ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ቁጥሮቹን እንዲያሳይ ከኋላው ክፍት ቦታ ትተው ሰረዝና ሁለት የኤን ፊደል ይጨምሩበታል።

ከሱቅ ሳይወጡ በፍላሽ ማስነሳት

ከማንኛውም ዝርዝር የበለጠ የሚታመነው ማሽኑን ራሱን መሞከር ነው። የ8 ጊጋባይት ፍላሽ ኡቡንቱ 24.04 ወይም ሊኑክስ ሚንት 22 ለተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ይበቃል፤ የሚንቱ ማስነሻ ፋይል ከኡቡንቱው ስለሚያንስ ዳታ በካርድ ለሚገዛ ሰው ሚንት ይሻላል። ፋይሉን «ሩፈስ» በተባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፉት። ሱቅ ሲደርሱ ሻጩን አስፈቅደው ማሽኑን ከፍላሹ ያስነሱ፤ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 የማስነሻውን ምርጫ ያመጣል። ፈቃዱን ለጨዋነት ብቻ አይጠይቁ፤ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከተቆለፈ በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው የአምራቹ ፕሮግራም) ላይ የሚደረግ ለውጥ ዊንዶውሱ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል፤ በዚህ ሻጩን ማስቸገር ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ባዮሱን ሳይነኩ ከማስነሻ ምርጫው ብቻ ይጀምሩ፤ ምንም ሳይጭኑ ከፍላሹ ይሥሩ፤ ኡቡንቱ ከሆነ «ትራይ» የሚለውን ይምረጡ።

ከተነሳ በኋላ በስልክዎ ሆትስፖት ከፍተው ዋይፋዩን ያገናኙ፤ አንድ ቪዲዮ ከፍተው ድምፁን ይስሙ፤ ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑን፣ የብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ ቁልፎቹን፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ይፈትሹ። ከዚያም ክዳኑን ዘግተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁና ይክፈቱት። ይህን የመጨረሻውን ማንም አይሞክረውም፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማየው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም የእንቅልፍ አሠራር በአብዛኛው በአምራቹ ባዮስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሌኖቮ የስድስተኛው ትውልድ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦንን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያወጣ ማሽኑ ለዊንዶውስ በታሰበው አዲስ የእንቅልፍ ዘዴ ብቻ ይተኛ ስለነበር ሊኑክስ የጫኑ ሰዎች ባትሪያቸው ቦርሳ ውስጥ እያለ ያልቅባቸው ነበር። ተጠቃሚዎቹ ደጋግመው ካመለከቱ በኋላ ኩባንያው በባዮስ ማሻሻያ «ሊኑክስ» የሚል የእንቅልፍ ምርጫ ጨመረበት። አምራች ሲፈልግ ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የጣት አሻራ ማንበቢያው ባይሠራ ብዙ አይዘኑ፤ ብዙዎቹ አይሠሩም፤ ያለ እርሱም መኖር ይቻላል። ፍላሹ ተነሥቶ የማሽኑ ዲስክ ካልታየ ደግሞ ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። በተለይ በዴል ማሽኖች የዲስኩ አሠራር ባዮስ ላይ «ሬይድ ኦን» ተደርጎ ሊመጣ ይችላል፤ ከገዙ በኋላ ወደ «ኤኤችሲአይ» ሲቀይሩት ይታያል። ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ግን ይህን ያለ ዝግጅት ከቀየረው ዊንዶውሱ አይነሳለትም።

ዋይፋይና ግራፊክስ

በዋይፋይ በኩል የኢንቴል ካርድ ያለበትን እመርጣለሁ። ኢንቴል ድራይቨሩን ከርነሉ ውስጥ ያስገባል፤ ፈርምዌሩም (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) አብሮ እንዲከፋፈል ፈቅዷል። ብሮድኮም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣ ቢሆንም፣ የቀደሙት ካርዶቹ ፈርምዌር ከስርዓተ ክወናው ጋር እንዲከፋፈል ስላልፈቀደ «ቢ43» የተባለው ድራይቨር ፈርምዌሩን ለብቻው ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልገዋል። ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ የሚፈልግ ማሽን ማለት ነው። መደበኛ መስመር ባልገባበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች መውጫው ስልካችን ነው። አንድሮይድ ስልክ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝቶ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ሲበራ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። ዶንግል (ሲም ካርድ የሚገባበት፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የኢንተርኔት መሣሪያ) የሚጠቀሙም ካሉ፣ ብዙዎቹ ዶንግሎች ሲሰኩ በመጀመሪያ የዊንዶውስ ፕሮግራም እንደያዘ ሲዲ ራሳቸውን ያሳያሉ፤ «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለው ፕሮግራም ወደ ሞደምነት ይመልሳቸዋል።

ካርድ መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንዳንድ የቆዩ የኤችፒና የሌኖቮ ማሽኖች ባዮሳቸው ውስጥ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውጭ የሆነ የዋይፋይ ካርድ ሲገባባቸው አይነሱም። ደግሞም ከኢንቴል ካርዶች ኤኤክስ200 በብዙ ማሽን ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ በመልክ ተመሳሳዩ ኤኤክስ201 የሚሠራው ለእርሱ ተብሎ በተዘጋጀ የኢንቴል ማሽን ላይ ብቻ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎ ያው አይደለም።

ስለ ግራፊክስ አጭር ልበል። ለቢሮ ሥራና ለትምህርት የሚሆን ያገለገለ ላፕቶፕ የሚፈልግ ሰው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ብቻ ያለበትን ይግዛ። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የግራፊክስ ቺፖቹን ሰነድ መክፈት ጀምሯል። ኤንቪዲያ በከርነል ውስጥ የሚሠራውን የድራይቨሩን ክፍል የከፈተው በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሱም ቱሪንግ ለተባለው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ላሉት ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ገበያ ላይ ለሚገኙት አሮጌ የኤንቪዲያ ላፕቶፖች የሚፈይደው የለም።

ፕሪንተር

ለፎቶ ኮፒ ቤትም ሆነ ለትምህርት ቤት ዋናው ራስ ምታት ፕሪንተር ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት የነጻ ሶፍትዌር ሐሳብም መነሻው ከፕሪንተር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ፕሮግራም ጸሐፊው ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካው ኤምአይቲ ቤተ ሙከራቸው የነበረው የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ አድርጎ ሊያስተካክለው ፈልጎ የፕሮግራሙን ምንጭ ቢጠይቅ ተከለከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ነጻ ስርዓተ ክወና ለመሥራት የታሰበውን የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ ይህ ክልከላ ከልቡ አልወጣም ነበር።

አዲስ ፕሪንተር የሚገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ «ሊኑክስ» የሚለውን ቃል ሳይሆን «ኤርፕሪንት» የሚለውን ምልክት ይፈልጉ። ምልክቱ የአፕል ነው፤ ነገር ግን ይህን የሚደግፍ ፕሪንተር የሚናገረው ቋንቋ በሰነድ የታወቀ ስለሆነ፣ በሊኑክስ የኅትመቱን ሥራ የሚመራው «ካፕስ» ያለ አምራቹ ድራይቨር ያነጋግረዋል። አምራቹ ነገ ሊኑክስን ቢረሳው እንኳ ፕሪንተሩ ማተሙን አያቆምም። ፖስትስክሪፕት የተባለውን የኅትመት ቋንቋ የሚያውቁ ትልልቅ የቢሮ ፕሪንተሮችም እንዲሁ አስተማማኝ ናቸው።

ያገለገለ ሲሆን አምራቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ኤችፒ «ኤችፒሊፕ» የተባለ ክፍት ድራይቨር ለብዙ ሞዴሎቹ ያወጣል፤ የትኛው ሞዴል በምን ደረጃ እንደሚደገፍ የሚያሳይ ዝርዝርም አለው። ዝርዝሩን ሲያነቡ ሞዴሉ መኖሩን ብቻ አይዩ፤ «ፕለጊን» (ተጨማሪ ፕሮግራም) ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። እንደ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ተወዳጅ ትንንሽ ፕሪንተሮች የተዘጋ ፕለጊን ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋሉ፤ የፕለጊኑ ሥሪትም ከኤችፒሊፑ ሥሪት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሌዘርጄት 1020 ደግሞ ፈርምዌሩን በውስጡ ስለማያስቀምጥ በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይጫንለታል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር «ፕሪንተሩ ሞተ» እያሉ ወደ እኔ የሚያመጡት ብዙዎች ናቸው፤ ፕሪንተሩ አልሞተም፤ ፈርምዌሩ ተመልሶ እስኪጫንለት እየጠበቀ ነው። ኤፕሰን ለባለ ቀለም ታንክ ፕሪንተሮቹ የሚሆን ክፍት ድራይቨር ስላለው ለቀለም ሥራ እርሱን እመክራለሁ። ብራዘር ለሊኑክስ ተዘጋጅተው የታሸጉ ፋይሎችን ያቀርባል። ከካኖን ዕቃዎች እንደ ኤልቢፒ2900 ያሉት «ካፕት» በተባለ የኩባንያው የራሱ ቋንቋ ስለሚሠሩ በሊኑክስ ላይ ያደክማሉ፤ ርካሽ ቢሆኑም ለሊኑክስ ተጠቃሚ አልመክራቸውም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሥራዎ በፒችትሪ ሒሳብ መያዝ ከሆነ ወይም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎ አቅራቢ የዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለዚያ ሥራ አንድ የዊንዶውስ ማሽን ያስቀሩ። ሁሉንም ባንድ ቀን ቀይሮ ሥራ ማቆም ጥሩ ምክር አይደለም።

አምራቹን መጠየቅ

ብዙዎቻችን ለአምራቹ መጻፍን ከንቱ ድካም አድርገን እንቆጥረዋለን። እኔ እንደዚያ አላስብም። የቲንክፓዱ የእንቅልፍ ምርጫ የመጣው ሰዎች ስለጻፉ ነው፤ ሌኖቮም እ.ኤ.አ. በ2020 ለከባድ ሥራ የሚሆኑትን የቲንክፓድ ፒና የቲንክስቴሽን ምርቶቹን በሙሉ ለኡቡንቱና ሬድ ሃት ለተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት እንደሚያረጋግጥ ያስታወቀው ገዢ ስላለ ነው። ዋናው አጻጻፉ ነው። «ለምን ሊኑክስን አትደግፉም?» የሚል ደብዳቤ «አንደግፍም» ከሚል በቀር መልስ አያገኝም፤ ጠባብና ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ግን የድጋፍ ሠራተኛውን አልፎ ወደ መሐንዲስ ሊደርስ ይችላል።

በደብዳቤው ላይ የዕቃውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ የባዮሱን ወይም የፈርምዌሩን ሥሪት፣ የስርዓተ ክወናውንና የከርነሉን ሥሪት፣ ቀደም ብለን ያየነውን የቺፑን መለያ ቁጥር ይጻፉ። በተርሚናል ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ብለው ሲጽፉ ከርነሉ የመዘገባቸው መልእክቶች ይወጣሉ፤ ኡቡንቱ ላይ ከፊቱ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ መጨመር ያስፈልጋል። ከመልእክቶቹ ስለ ዕቃው የሚናገሩትን መስመሮች ብቻ ቀድተው ያያይዙ፤ ሁሉንም አይላኩ። ችግሩ ምንም ካልተጫነበት ፍላሽ ሲነሳም እንደሚታይ ይግለጹ፤ ይህ «እርስዎ የጫኑት ነገር አበላሽቶት ይሆናል» የሚለውን መልስ አስቀድሞ ይዘጋዋል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ፈርምዌሩ ከሊኑክስ ጋር እንዲከፋፈል ትፈቅዳላችሁ ወይ፣ ወይም ይህ የባዮስ ስሕተት በየትኛው ማሻሻያ ይታረማል የሚል ይሁን። ቃላችን ጨዋ ይሁን፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ውሳኔውን የወሰነው ሰው አይደለም።

ዋስትና ያለው አዲስ ዕቃ ተበላሽቶ የድጋፍ ክፍሉ «መጀመሪያ ዊንዶውስ ይጫኑ» ካለዎት ሌላ መንገድ አለ። የዴል ማሽን ሲነሳ ኤፍ12፣ የኤችፒ ደግሞ ኤፍ2 ሲጫኑ ከማንኛውም ስርዓተ ክወና ውጭ የሚሠራ የአምራቹ የራሱ መመርመሪያ ይገኛል። ሜሞሪው፣ ዲስኩ ወይም ባትሪው ተበላሽቶ ከሆነ መመርመሪያው የስሕተት ቁጥር ይሰጣል። ያንን ቁጥር ፎቶ አንስተው ሲልኩ ክርክሩ ያበቃል፤ የራሳቸው መሣሪያ የመሰከረውን ሊክዱት አይችሉምና።

የባዮስ ማሻሻያ ቀድሞ ዊንዶውስ ይፈልግ ነበር። አሁን ዴል፣ ሌኖቮና ኤችፒ ለብዙ ሞዴሎቻቸው ማሻሻያውን እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው «ኤልቪኤፍኤስ» በተባለው የጋራ ማከፋፈያ ያስቀምጣሉ፤ በኡቡንቱ ያለው የፈርምዌር ማዘመኛም ከዚያ ያወርደዋል። አንድ ላፕቶፕ በዚህ ማከፋፈያ ላይ መኖሩ አምራቹ ለሊኑክስ ተጠቃሚ ከልቡ እንደሚያስብ ከሚያሳዩኝ ምልክቶች የምተማመንበት ነው። ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ማሻሻያውን ባትሪው በደንብ ሳይሞላ አይጀምሩት፤ ባትሪው የደከመ ማሽን ከሆነ ዩፒኤስ ወዳለበት ቦታ ይውሰዱት።

ሥራው ሲያልቅ፣ ማሽኑ ሠራም አልሠራም፣ «ኤችደብሊው ፕሮብ» የተባለውን ፕሮግራም አንድ ጊዜ ያስኪዱት። የዕቃዎቹን መለያ ቁጥርና የትኛው ድራይቨር እንደያዛቸው «ሊኑክስ ሃርድዌር» ወደተባለው የሕዝብ መዝገብ ይልካል። የኮዬ ፈጬዋን እናት ፕሪንተር ሁኔታ በዚያ መዝገብ አስገብተነዋል፤ ፕሪንተሩን ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው ሸጠው ኤርፕሪንት የሚል ምልክት ያለበት ሌላ ገዙ፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አተሙበት።